የመርከብ ሠሪው የሄንሪ ኤክፎርድ ውርስ

ሄንሪ ኤክፎርድ በ1775 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በስኮትላንድ ተወለደ። በዐሥራ ስድስት ዓመቱ ወደ ካናዳ ተሻግሮ በአጎቱ ሥር የመርከብ ሥራ ከተማረ በኋላ በ1796 ኒው ዮርክ ገባ።

ችሎታው ከሁሉ በላይ የተፈተነው አሜሪካና እንግሊዝ በ1812 ጦርነት በገጠሙ ጊዜ ነው። ከውቅያኖስ የሚመጣ የጦር መርከብ የወንዙን ፏፏቴዎች አልፎ ወደ ኦንታርዮ ሐይቅ ሊገባ ስለማይችል፣ በሐይቁ ላይ የበላይነቱን የሚይዘው እዚያው ፈጥኖ የሠራ ወገን ነበር። ኤክፎርድ ሠራተኞቹን አስከትቶ ሳኬትስ ሃርበር ወደምትባል ትንሽ ወደብ ሄደ። መድፉና ገመዱ ከሩቅ ሲጓጓዝ፣ እንጨቱ ከአካባቢው ጫካ ይቆረጥ ነበር። «ማዲሰን» በ1812፣ «ጄኔራል ፓይክ» በ1813፣ «ሱፒሪየር» በ1814 ወደ ውሃ ወረዱ። ይሁን እንጂ ፍጥነቱ ዋጋ ነበረው፤ እንጨቱ ሳይደርቅ የተሠራበት በመሆኑ መርከቦቹ ከሰላሙ በኋላ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በሰበሱ። የተፈለጉት ለጦርነቱ ዘመን ነበርና ሥራቸውን ግን ፈጽመዋል።

ከጦርነቱ በኋላ ኤክፎርድ በኒው ዮርክ ግዛት ምክር ቤት አባልነት አገለገለ፤ በ1817ም በብሩክሊን የባሕር ኃይል መርከብ ሠሪ ሆኖ ተሾመ። በዚያ የሠራት «ኦሃዮ» በ1820 ወደ ውሃ ወረደች። እርሱ ግን ከባሕር ኃይሉ ኮሚሽነሮች ጋር ባለመስማማቱ በዚያው ዓመት ሥራውን ለቀቀ። መርከቢቱም ለብዙ ዓመታት ያለ አገልግሎት ከቆመች በኋላ ወደ ባሕር ስትወጣ ከምርጦቹ አንዷ መሆኗ ተመሰከረ።

በ1826 የተሳተፈበት የኢንሹራንስ ኩባንያ ሲወድቅ ኤክፎርድ ከሌሎች ጋር በማጭበርበር ተከሰሰ። ባይፈረድበትም ሀብቱና ስሙ ክፉኛ ተጎዱ። በኮሎምቢያ ኮሌጅ የመርከብ ምሕንድስና ትምህርት እንዲሰጥ የነበረው ሐሳብም በዚሁ ተሰናከለ። በ1831 የሠራውን የጦር መርከብ ይዞ ወደ ኢስታንቡል ተጓዘ። የቱርክ መርከቦች በ1827 በናቫሪኖ ወድመው ስለ ነበር፣ ሱልጣን ማሕሙድ ሁለተኛ የመርከብ ሥራውን በኃላፊነት ሰጡት። በማግሥቱ ዓመት በ1832 ግን እዚያው አረፈ።

ከመርከቦቹ ይልቅ ዘመን የተሻገረው ያስተማራቸው ሰዎች ሥራ ነው። ከተማሪዎቹ አንዱ አይዛክ ዌብ፣ በፈጣን ባለሸራ መርከቦቹ የታወቀውን ዶናልድ ማኬይንና የገዛ ልጁን ዊልያምን አሠለጠነ። ዊልያም ዌብም በ1889 የመርከብ ሥራ በነፃ የሚማሩበትን ተቋም መሠረተ፤ ተቋሙ ዛሬም ያስተምራል። ኤክፎርድ ሀብት አጥሮት የተወውን ሐሳብ የተማሪው ልጅ ፈጸመው። አንድ ባለሙያ ከሚሠራው ሥራ እኩል፣ ሙያውን የሚያወርሰው ሰው ሊያሳስበው እንደሚገባ ከዚህ የተሻለ ምስክር አያሻም።