በመስታወት ቤት የገባች ኡመት

ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይስፈን። 

ልጆች ባሉበት ቤት ሁሉ የሚታወቅ ነገር አለ። ልጁ ከደጃፍ ጉንዳን ይለቅምና በጠርሙስ ይከታል። ቅጠል ይጨምርላታል፣ ጠብታ ውሃ ያደርግላታል፣ ክዳኑን ይገጥማል። በማግስቱ ጉንዳኗ ሞታ ትገኛለች። ልጁም «ምን አጎደልኩባት? ቅጠልም ውሃም ሰጥቻት ነበር» ብሎ ያዝናል። ይህ የልጅ ጥያቄ የተማሩ ሰዎችንም ለብዙ ዘመን ያደከመ ጥያቄ ነው። በዛሬው ዝግጅታችን የሐሩር ዝናባማ ደን ጉንዳኖችን በመስታወት ቤት ለማኖር የሞከሩ ሰዎችን ታሪክ እናወጋችኋለን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ ግን ጉንዳን በእኛ በሙስሊሞች ዘንድ ያላትን ቦታ እናስታውስ። በቅዱስ ቁርአን በስሟ የተሰየመ ምዕራፍ አለ፤ እርሱም 27ኛው ምዕራፍ ሱረቱ አን-ነምል ነው። የነቢዩላህ ሱለይማን (ዐ.ሰ) ሠራዊት ወደ ጉንዳኖች ሸለቆ በደረሰ ጊዜ አንዲት ጉንዳን ወገኖቿን ሳይታወቃቸው እንዳይረግጧቸው ወደየቤታቸው እንዲገቡ አስጠንቅቃለች። ሱለይማንም (ዐ.ሰ) ንግግሯን ሰምተው በፈገግታ ጌታቸውን አመሰገኑ። በሱረቱ አል-አንዓም 38ኛው አንቀጽም በምድር የሚሄድ እንስሳም ሆነ በክንፉ የሚበር ወፍ ሁሉ እንደ እኛው ኡመት መሆኑን አላህ (ሱ.ወ) ነግሮናል። በቡኻሪና በሙስሊም እንደተዘገበው ደግሞ ከነቢያት አንዱ ጉንዳን ነክሳቸው የጉንዳኖቹን ቀዬ ባስቃጠሉ ጊዜ፣ በአንዲት ጉንዳን ምክንያት አላህን የምታጠራ ኡመት በማቃጠላቸው ተወቅሰዋል።

ታዲያ እንስሳን ይዞ ማኖር እንዴት ይታያል? እዚህ ላይ ሁለት ሐዲሶችን አጣምረን ማየት ይገባናል። አንደኛው የአነስ ኢብን ማሊክ ታናሽ ወንድም የነበረው የአቡ ዑመይር ታሪክ ነው። ሕፃኑ የሚጫወትባት ትንሽ ወፍ ነበረችው፤ ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) አልከለከሉትም፤ ወፊቱ በሞተች ጊዜም ስለ እርሷ በፍቅር ያጫውቱት ነበር። ሁለተኛው ድመት አስራ ሳታበላት፣ ከምድር ተባይም ለቅማ እንድትበላ ሳትለቃት የሞተችባት ሴት ታሪክ ነው፤ በዚህች ድመት ምክንያት ሴትየዋ እሳት ገባች። ከእነዚህ ሐዲሶች ዑለማዎች የተረዱት፣ ይዞ ማኖር በራሱ እንዳልተከለከለ፣ የያዙትን ማጉላላት ግን ከባድ ወንጀል እንደሆነ ነው። እንግዲህ የያዘ ሰው የያዘው ፍጡር የሚያስፈልገውን ማወቅ ግዴታው ይሆናል። ይህ እንዴት ያለ ከባድ አደራ እንደሆነ የሚያሳየን ደግሞ የቅጠል ቆራጭ ጉንዳኖች ታሪክ ነው።

ሙስሊም ሊቃውንት ስለ ጉንዳን ከጥንት ጀምሮ ጽፈዋል። በ255 ዓመተ ሒጅራ ያረፈው የበስራው አል-ጃሒዝ በእንስሳት መጽሐፉ ጉንዳን ያከማቸችው እህል እንዳይበቅልባት እንደምትከፍለው አስፍሯል። ይሁን እንጂ እርሱ ያወቀው እህል ሰብሳቢዋን ጉንዳን ነበር። ቅጠል ቆራጮቹ የሚኖሩት ከባሕር ማዶ፣ በአሜሪካ አህጉር ብቻ ነው። ከሰሜን አሜሪካ ደቡባዊ ክፍል ጀምሮ በአማዞን ደን በኩል እስከ አርጀንቲና ይገኛሉ። ብራዚላውያን «ሳኡቫ» ይሏቸዋል። ቅጠል በመንጋጋቸው እየቆረጡ፣ ቁራጩን እንደ ጃንጥላ ከራሳቸው በላይ ተሸክመው ረጅም ሰልፍ ሠርተው ወደ ጎሬአቸው ያስገባሉ። የአንድን ገበሬ ዛፍ በአንድ ሌሊት መላጣ ያስቀራሉ።

ይህን ሁሉ ቅጠል ምን ያደርጉበታል? ብዙዎች ይበሉታል ብለው ያስቡ ነበር። በአማዞን ለዓመታት የኖረው እንግሊዛዊው ተመራማሪ ሄንሪ ቤትስ በ1863 ባሳተመው መጽሐፉ ለጎሬአቸው ክዳን ያደርጉታል ብሎ ገመተ። መልሱን ያገኘው ከጉንዳኖቹ ጋር ጠብ የነበረው ሰው ነው። ቶማስ ቤልት የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ በኒካራጓ የወርቅ ማዕድን ይመራ ነበር። ጉንዳኖቹ የጓሮ አትክልቱን ሲያወድሙበት ጎሬአቸውን ቆፈረ፣ መድኃኒትም አፈሰሰባቸው። በቁፋሮው ያገኘው ግን የቅጠል ክምር ሳይሆን ስፖንጅ የመሰለ፣ በነጭ የፈንገስ ክር የተያያዘ ነገር ነበር። ጉንዳኖቹ ቀዬአቸው ሲጠፋባቸው ይህንኑ ነገር ተሸክመው ሲሰደዱም አየ። በ1874 ባሳተመው መጽሐፍ ጉንዳኖቹ ቅጠሉን እንደ ማዳበሪያ ተጠቅመው ከእንጉዳይ ወገን የሆነ ፈንገስ እንደሚያለሙ፣ የሚመገቡትም እርሱን እንደሆነ ገለጸ። ሱብሃነላህ! ገበሬውን የሚያስለቅሱት ጉንዳኖች ራሳቸው ገበሬዎች ሆነው ተገኙ።

ውድ አድማጮቻችን፣ የልጃችን ጠርሙስ ምስጢርም እዚህ ላይ ይፈታል። ቅጠል ቆራጭ ጉንዳን ይዞ ቅጠል ብቻ የሚሰጣት ሰው፣ ገበሬን ያለ መሬት ማዳበሪያ እንደሚሰጥ ሰው ነው። አልፍሬድ ሞለር የተባለ ጀርመናዊ በደቡብ ብራዚል ጉንዳኖቹን ከነፈንገሳቸው በመስታወት ዕቃ እያኖረ አጥንቶ ሥራውን በ1893 አሳተመ። ፈንገሱ ለእነርሱ ተብሎ የተሰናዳ የሚመስል ያበጠ ጫፍ እንደሚያወጣና ጉንዳኖቹ እርሱን እንደሚመገቡ አሳየ።

አንድ ጥያቄ ግን ቀረ። አዲሷ ንግሥት ከእናቷ ቤት ስትወጣ ክንፍ አውጥታ በርራ ነው፤ ከዚያም ክንፏን ጥላ ብቻዋን ጉድጓድ ትቆፍራለች። ፈንገሱን ከወዴት ታገኘዋለች? በ1898 በብራዚል የነበረው ተመራማሪ ቮን ኢሄሪንግ ምስጢሩን አገኘ። ንግሥቲቱ ከእናቷ ቤት ስትወጣ ቅንጣት ፈንገስ በአፏ ውስጥ ባለች ትንሽ ኪስ ቋጥራ ትወጣለች። በ1905 ደግሞ በአማዞን ወንዝ አፍ በምትገኘው በቤሌም ከተማ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ያኮብ ሁበር ንግሥቶችን ይዞ የመጀመሪያ ቀናቸውን በትዕግሥት ተከታተለ። ንግሥቲቱ ቅንጣቷን ትተፋለች፣ ከራሷ በሚወጣ ጠብታ ታዳብራታለች። እየራባትም ከፈንገሷ አትቀምስም፤ ከምትጥላቸው እንቁላሎች አብዛኞቹን ትመገባለች። የመጀመሪያዎቹ ሠራተኞች ብቅ እስኪሉ 40 ቀን ገደማ እንዲህ ትቆያለች። በዚህ መካከል ያቺ ቅንጣት ከደረቀች ወይም ከበሰበሰች ሁሉም ነገር ያበቃል።

ከዚያ በኋላ እነዚህን ጉንዳኖች ከደናቸው ርቆ ለዓመታት ማኖር ተቻለ። አሜሪካዊው ኒል ዌበር ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሕይወቱን በእነርሱ ላይ አሳልፎ በ1972 «አትክልተኛ ጉንዳኖች» የሚል ትርጉም ያለው መጽሐፍ አሳተመ። ዛሬ በአውሮፓና በአሜሪካ ባሉ የእንስሳት ማሳያዎች ሕፃናት በመስታወት ውስጥ ያዩአቸዋል። ፈንገሱ የሚለማበት ክፍል ሙቀቱ ከ25 ዲግሪ ብዙም እንዳይርቅ፣ እርጥበቱም ከፍተኛ እንዲሆን ይደረጋል። ቅጠል የሚቀርብበት ቦታ ለብቻው፣ ጉድፋቸውን የሚጥሉበትም ለብቻው ነው። ፀረ ተባይ የተረጨ ቅጠል ቢገባ ቀዬው ሁሉ ሊያልቅ ይችላል። ጉንዳኖቹም አምልጠው የሰው ማሳ እንዳያጠፉ በውሃ ወይም በሚያዳልጥ ቅብ ይታጠራሉ፤ ጎረቤትን ከጉዳት መጠበቅ የአደራው ክፍል ነውና።

ሰው አሁን ሁሉን አወቅሁ ባለ ጊዜ ሌላ ምስጢር ወጣ። በ1999 ካሜሮን ከሪና ባልደረቦቹ በብዙዎቹ ፈንገስ አልሚ ጉንዳኖች ገላ ላይ የሚታየው ነጭ ዱቄት መሰል ነገር ባክቴሪያ መሆኑን፣ ባክቴሪያውም የፈንገሱን ጠላት የሚገታ መድኃኒት እንደሚያመነጭ አስታወቁ። ከመቶ ዓመት በላይ ሲጠና የኖረ ፍጡር መድኃኒቱን በገላው ተሸክሞ ይዞር ነበር፤ ያስተዋለው አልነበረም። ከእውቀት የተሰጠን ጥቂት እንደሆነ ቁርአን አስቀድሞ ነግሮናል።

ይህን ታሪክ ዛሬ ያነሳነው ያለ ምክንያት አይደለም። ጉንዳን ማኖር ከሊቃውንት እጅ ወጥቶ ንግድ ሆኗል። በኤፕሪል 2025 በጎረቤታችን ኬንያ ሁለት የቤልጂየም ወጣቶች 5,000 ገደማ ንግሥት ጉንዳኖችን በ2,244 ቀጫጭን ብልቃጦች ከጥጥ ጋር አሽገው ተያዙ። በሜይ ወር ፍርድ ቤቱ እያንዳንዳቸው አንድ ሚሊዮን የኬንያ ሽልንግ እንዲከፍሉ ወይም አንድ ዓመት እንዲታሰሩ ወሰነ። እነዚህ የዝናባማው ደን ሳይሆኑ እህል ሰብሳቢ የሜዳ ጉንዳኖች ናቸው፤ የንግሥቲቱ ነገር ግን አንድ ነው። ንግሥቲቱ በወጣትነቷ ከወንዶቹ ተገናኝታ የዕድሜ ልኳን ዘር በሆዷ ትይዛለች። ከአስር ዓመት በላይ ልትኖርና እጅግ ብዙ ልጆች ልትወልድ ትችላለች። ስለዚህ አንዲት ንግሥት በብልቃጥ ስትሞት የምትጠፋው አንዲት ነፍሳት ብቻ አይደለችም፤ ገና ያልተወለደች ኡመት ናት።

«አብዛኞቹ ንግሥቶች በጫካም ቢሆን በወፍ ይበላሉ፤ እኛ ብንወስዳቸው ምን ይጎዳል?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። እውነት ነው፣ ከበረሩት የሚተርፉት ጥቂቶች ናቸው። ነገር ግን ወፏ የበላቻት የወፏ ሪዝቅ ናት፤ እኛም ስለ እርሷ አንጠየቅም። በእኛ ብልቃጥ ውስጥ ያለችው ግን በእኛ አንገት ላይ ናት። ያቺ ሴት በረሃብ ስለሞቱ የዓለም ድመቶች ሁሉ አልተጠየቀችም። የተጠየቀችው ስላሰረቻት አንዲት ድመት ነው።

እንግዲህ እናቶችና አባቶች፣ ልጃችሁ ነገ ጠርሙስ ይዞ ሲመጣ አትቆጡት፤ ጉጉቱ መልካም ነው። ይልቁንስ ከደጃፍ አብራችሁ ተቀመጡ። ጥቂት ስኳር አፍሱላቸውና እንዴት እንደሚጠራሩ፣ ከባዱን እንዴት ተጋግዘው እንደሚሸከሙ አሳዩት። የሱለይማንንም (ዐ.ሰ) ፈገግታ ንገሩት። ይዤ ላኑር ካለም «የምትበላውን ብቻ ሳይሆን የምትኖርበትንም አውቀህላታል?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን እስኪያገኝ ድረስ ክዳኑን ከፍታችሁ አብራችሁ ልቀቋት።

አላህ (ሱ.ወ) በእጃችን ላደረጋቸው ፍጡራን ሁሉ አዛኞች ያድርገን።