«ወስዳችሁ አስታምሙ»፦ የካንሰር ሕሙማንና የቤተሰቦቻቸው እንክብካቤ ታሪክ ከአርሲ ደጋ አንጻር

መግቢያ

በኢትዮጵያ የጤና ተቋማት ውስጥ ሊድን የማይችል ሕመምተኛ ሲያጋጥም ለቤተሰቡ የሚነገር የተለመደ አነጋገር አለ፤ ይኸውም «ወስዳችሁ አስታምሙ» የሚለው ነው። አነጋገሩ ሁለት ትርጉም ሊሰጠው ይችላል። አንደኛው፣ ከእንግዲህ ሕክምና የሚያደርገው ነገር የለም ማለት ነው። ሁለተኛው ደግሞ የሕክምናው ዓላማና ቦታ ተለውጦ ከሆስፒታል ወደ ቤት ተዛወረ ማለት ነው። የካንሰር ሕሙማንና የቤተሰቦቻቸው እንክብካቤ ታሪክ፣ በተለይም ከአርሲ ደጋ አንጻር ሲታይ፣ ከመጀመሪያው ትርጉም ወደ ሁለተኛው ለመሻገር የተደረገና ገና ያልተፈጸመ ጉዞ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

አስታማሚነት ከሆስፒታል በፊት የነበረ ሥራ ነው። አስታማሚ ከታመመው ሰው አጠገብ ይውላል፣ ያድራል፤ ያጎርሳል፣ ያጥባል፣ ያገላብጣል፣ ጠያቂ ይቀበላል። ዘመናዊ ሕክምና ከተስፋፋ በኋላም ሥራው አልቀረም፤ በየሆስፒታሉ ከአልጋ ሥር አንጥፎ የሚያድረው ዘመድ ለዚህ ምስክር ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ፓሊየቲቭ ኬር ብሎ የሚጠራው የማስታገሻ እንክብካቤም የሚመለከተው ሕመምተኛውን ብቻ ሳይሆን ቤተሰቡንም ጭምር ነው፤ ዓላማውም አካላዊ፣ ሥነ ልቦናዊ፣ ማኅበራዊና መንፈሳዊ ሥቃይን ማቃለል ነው። በመሆኑም በአርሲ የጎደለው ማስታመም አልነበረም፤ የጎደለው ለአስታማሚው የሚሆን መድኃኒት፣ ዕውቀትና ከጤና ተቋም ጋር የሚያገናኘው መንገድ ነበር።

የደጋው በሽታ

በአገር አቀፍ ደረጃ በብዛት የሚታወቁት የጡትና የማኅፀን በር ካንሰር ናቸው። ከአርሲና ከባሌ ደጋ ጋር ስሙ አብሮ የሚነሣው ግን የምግብ ቧንቧ ካንሰር፣ በተለምዶ «የጉሮሮ ካንሰር» የሚባለው ነው። በአዲስ አበባ የጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሐኪሞች በዚህ በሽታ ተይዘው ከሚመጡት ሕሙማን ብዙዎቹ ከእነዚህ ሁለት አካባቢዎች መሆናቸውን ከረጅም ጊዜ ጀምሮ ያስተዋሉ ሲሆን፣ በኋላ የተደረጉ ጥናቶችም ይህንኑ አጠናክረዋል። ክስተቱ የአርሲ ብቻ አይደለም፤ በምሥራቅ አፍሪካ ከኢትዮጵያ እስከ ደቡብ አፍሪካ የሚዘልቅ በሽታው የሚበዛበት ቀጣና አለ። መንስኤው ገና በምርምር ላይ ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሞቀ መጠጥ አዘውትሮ መውሰድ ለዚህ ካንሰር የመዳረግ ዕድል እንዳለው ማስታወቁ፣ ትኩስ ገንፎና ትኩስ መጠጥ በሚዘወተርበት ደጋ ለሚሠራ የጤና ባለሙያ ልብ ሊባል የሚገባው ነው።

የበሽታው ጠባይ የእንክብካቤውን ታሪክ ወስኖታል። የምግብ ቧንቧ የመለጠጥ ችሎታ ስላለው ሕመምተኛው የመዋጥ ችግር የሚሰማው ዕጢው አድጎ ቧንቧውን ካጠበበ በኋላ ነው። መጀመሪያ ቆሎና ሥጋ፣ ቀጥሎ ቂጣና እንጀራ፣ በመጨረሻም አጥሚትና ውሃ አልወርድ ይላል። አብዛኛው ሕመምተኛ ወደ ሆስፒታል የሚደርሰው ቀዶ ሕክምና ሊያድነው ከሚችልበት ደረጃ ካለፈ በኋላ በመሆኑ፣ ለአርሲው ሕመምተኛ የማስታገሻ እንክብካቤ ከዋናው ሕክምና የተረፈ ነገር ሳይሆን ራሱ ዋናው ሕክምና ነው።

የርቀት ዘመን

በ1967 በስዊድን መንግሥት ዕርዳታ የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በአጭር ስሙ ካዱ፣ በአሰላ ሥራውን ጀመረ። ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና የእርሻ ምክር ለገበሬው ደጃፍ ድረስ መቅረብ ያዘ። በዚያው ዓመት ለንደን ውስጥ ሲስሊ ሳውንደርስ ቅዱስ ክሪስቶፈር የተባለውን ሆስፒስ ከፈተች። ሳውንደርስ በመጀመሪያ ነርስ፣ ቀጥላም የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ፣ በመጨረሻም ሐኪም ነበረች። የሚሞት ሰው ሥቃይ የአካል ብቻ ሳይሆን የመንፈስ፣ የቤተሰብና የኑሮ ጭምር መሆኑን በማስረዳት «ሁለንተናዊ ሕመም» የሚለውን አስተሳሰብ አስተዋወቀች። የስንዴው ዕውቀት አርሲ በገባበት ዘመን ይህኛው ዕውቀት ግን ወደ ደጋው አልዘለቀም፤ ለመድረስ ከሦስት ዐሥርት ዓመታት በላይ ወሰደበት።

በኢትዮጵያ የጨረር ሕክምና የተጀመረው በ1997 በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል፣ በዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲ ድጋፍ ነው። በጅማና በሐረር ተመሳሳይ አገልግሎት እስኪጀመር ድረስ ከሃያ ዓመታት በላይ ይህ ማዕከል ለመላ አገሪቱ ብቸኛው ነበር። ከአሰላ እስከ አዲስ አበባ ያለው መንገድ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆንም፣ የሕመምተኛው ጉዞ የሚለካው በኪሎ ሜትር ብቻ አይደለም። ከጭላሎ ተራራ ሥር ከሚገኝ መንደር የተነሣ ሕመምተኛ በቃሬዛ ወይም በጋሪ እስከ መኪና መንገድ ይደርሳል፤ ከዚያም በአሰላና በአዳማ አድርጎ ዋና ከተማ ይገባል፤ በዚያም ወራት የሚወስድ ወረፋ ይጠብቀዋል። አስታማሚው ወንድም ወይም ልጅ እርሻውን ትቶ አብሮ ይቀመጣል፤ ለመኝታና ለምግብ ሲባል በሬ ይሸጣል፤ አማርኛ ለማይችለው ሕመምተኛም አስተርጓሚ ይሆናል። ሕመምተኛው ካረፈ በኋላ ቤተሰቡ የሚቀረው ከሐዘን ጋር ብቻ ሳይሆን ከዕዳ ጋርም ጭምር ነው።

ይህ ጭነት በአኃዝ ሲገለጥም ቆይቶ ነው። የመጀመሪያው ሕዝብን መሠረት ያደረገ የካንሰር ምዝገባ በ2011 በአዲስ አበባ ቢቋቋምም፣ የሚመዘግበው የከተማዋን ነዋሪዎች ነበር። ስለዚህ ወደ ሆስፒታል ሳይመጣ በደጋው ጎጆ ያረፈ ሕመምተኛ ከምዝገባው ውጭ ሆኖ ቆይቷል።

ከአስታማሚዎች የተወለዱ ተቋማት

በኢትዮጵያ የካንሰር ሕሙማን ድጋፍ መሥራቾች እነማን እንደነበሩ ሲመረመር አንድ ነገር ጎልቶ ይታያል፤ ብዙዎቹ ራሳቸው የአልጋ ዳር ሰዎች ነበሩ። በ2003 ሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን ሆስፒስ ኢትዮጵያን በአዲስ አበባ አቋቋሙ። ነርሶች ወደ ሕሙማን ቤት እየሄዱ ሕመምን የሚያስታግሱበትና ቤተሰብን የሚያስተምሩበት አሠራር በዚህ ድርጅት ተጀመረ። በ2004 የተመሠረተው ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ስሙን ያገኘው በደም ካንሰር በሞተ ሕፃን ሲሆን፣ መሥራቹም አባቱ አቶ ወንዱ በቀለ ናቸው። ከእነዚህ በኋላ የመጣው ተስፋ አዲስም ካንሰር በያዛቸው ሕፃናት ወላጆች የተመሠረተ ነው፤ ለሕክምና ከሩቅ ለሚመጡ ሕፃናትና ለወላጆቻቸው ማረፊያ ይሰጣል። በእነዚህ ተቋማት አማካይነት የአስታማሚው ልምድ ከቤት ወጥቶ ወደ አገልግሎትነት ተለወጠ። ይሁንና ሁሉም የተተከሉት በዋና ከተማ ነው።

በተመሳሳይ ጊዜ በገጠሩ ሌላ መሠረት ተጥሏል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ2003 ተጀመረ። በኤች አይ ቪ ዘመን ደግሞ በጎ ፈቃደኞች በቤት ለቤት እንክብካቤ ሠለጠኑ፤ ለቀብር ብቻ ይሰበሰቡ ከነበሩት ዕድሮችም አንዳንዶቹ በሕይወት ያለውን በሽተኛ መርዳት ጀመሩ። በኦሮሞ ማኅበረሰብ ዘንድ ቡሳ ጎኖፋ በመባል የሚታወቀው የመረዳጃ ሥርዓትም ችግር የደረሰበትን ቤተሰብ የማቋቋም ጥንታዊ ልማድ ነው። ለካንሰር ሕመምተኛ ቤተሰብ የሚያስፈልገው ማኅበራዊ ድጋፍ በአርሲ ከባዶ የሚጀመር አይደለም።

የመድኃኒቱ ታሪክ

ሞርፊን ለሕመም ማስታገሻ አስፈላጊ መሆኑ በ1961 በወጣው የናርኮቲክ መድኃኒቶች ዓለም አቀፍ ስምምነት ውስጥ ታውቋል፤ አገሮችም ለሕክምና የሚያስፈልገውን ያህል እንዲያቀርቡ ስምምነቱ ያሳስባል። የዓለም ጤና ድርጅት በ1986 የካንሰር ሕመምን ደረጃ በደረጃ የማስታገስ ዘዴን አሳተመ፤ መመሪያውም መድኃኒቱ በአፍ፣ ሰዓቱን ጠብቆና እንደ ሕመሙ ክብደት እንዲሰጥ የሚል ነበር። በጎረቤት አፍሪካ ይህን ወደ ተግባር በመለወጥ ኡጋንዳ ቀዳሚ ሆናለች። ዶክተር አን ሜሪማን በ1993 ሆስፒስ አፍሪካ ኡጋንዳን መሠረቱ፤ በ2004 ደግሞ ልዩ ሥልጠና የወሰዱ ነርሶችና ክሊኒካል ኦፊሰሮች ሞርፊን እንዲያዝዙ በሕግ ተፈቀደ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ሐኪም በማይገኝበት ገጠር የማዘዝ ሥልጣን በሐኪም ብቻ ከተወሰነ መድኃኒቱ በመጋዘን ይቀራል።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው ብሔራዊ የካንሰር መቆጣጠሪያ ዕቅድ ከ2016 እስከ 2020 ላለው ጊዜ ሲወጣ የማስታገሻ እንክብካቤን አካትቷል፤ በ2016 ብሔራዊ የፓሊየቲቭ ኬር መመሪያ ወጣ። ይህም የዓለም ጤና ጉባኤ በ2014 የማስታገሻ እንክብካቤ የጤና ሥርዓት አካል እንዲሆን ያሳለፈውን ውሳኔ ተከትሎ የመጣ ነው። መመሪያ መውጣቱ ግን በባለሙያው ልብ ያለውን ፍርሃት ወዲያው አያስወግድም። ሱስ ያስይዛል፣ ትንፋሽ ይቆርጣል፣ ሞትን ያፋጥናል የሚለው ሥጋት ሞርፊን ለመጨረሻዎቹ ሰዓታት ብቻ እንዲቆይ አድርጎታል። በተገቢው መጠን ተጀምሮ በጥንቃቄ ሲጨመር ግን ሕመምተኛው እንዲተኛ፣ እንዲነጋገርና ከቤተሰቡ ጋር እንዲሰነባበት ያስችለዋል። ለአርሲው ሕመምተኛ የመድኃኒቱ ዓይነትም ወሳኝ ነው፤ ክኒን መዋጥ የማይችል ሰው ፈሳሽ ሞርፊን ያስፈልገዋል።

ከሕመሙ ቀጥሎ የሚመጣው ረሃብ ነው። በኬንያ ደጋ የሚገኘው የቴንዌክ ሆስፒታል ተመሳሳይ በሽታ ባለበት ሕዝብ መካከል ሲሠራ፣ በኢንዶስኮፒ አማካይነት ራሱን የሚከፍት የብረት ቧንቧ፣ ማለትም ስቴንት፣ በብዙ መቶ ሕሙማን የምግብ ቧንቧ ውስጥ አስገብቷል። ስቴንት ካንሰሩን አያድንም፤ ነገር ግን ሰውየው ከቤተሰቡ ጋር በአንድ ገበታ ዳግም እንዲቀርብ ያደርገዋል። አብሮ መብላት የፍቅር ምልክት በሆነበት ማኅበረሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

እውነትን የመንገር ጉዳይ

የሕክምና ሥነ ሰብእ ተመራማሪዋ የውብዳር በየነ በ1992 በአሜሪካ ስላሉ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ከባድ የሕመም ዜና ለበሽተኛው በቀጥታ መነገሩ በኢትዮጵያውያን ዘንድ እንደ ጭካኔ እንደሚታይ፣ በቅድሚያ ለቅርብ ቤተሰብ መነገር እንዳለበት አስረድተዋል። የመርዶን ሥርዓት ለሚያውቅ ይህ አያስገርምም፤ መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ በሽማግሌ አፍ ይነገራል እንጂ በድንገት አይጣልም።

ሆኖም ልማዱ ሌላ ጎንም አለው። ቤተሰቡ ሁሉን እያወቀ ሕመምተኛው ብቻ ሳያውቅ ሲቀር፣ ሰውየው ኑዛዜውን ሳይናገር፣ ዕዳና ብድሩን ሳያስታውቅ፣ የተጣላውን ሳይታረቅ ሊያልፍ ይችላል፤ ቤተሰቡም ምስጢሩን ብቻውን ይሸከማል። መፍትሔው ልማዱን መሻር ሳይሆን በልማዱ ውስጥ መሥራት ነው። ባለሙያው በመጀመሪያ ሕመምተኛውን ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግና ማን አብሮት እንዲሰማ እንደሚሻ ይጠይቀዋል፤ ከዚያም ቤተሰቡን ሰብስቦ፣ በሚገባቸው ቋንቋ፣ ጊዜ ሰጥቶ ይናገራል።

ማጠቃለያ

የአርሲ ዩኒቨርሲቲ በ2014 ከተመሠረተ ወዲህ የአሰላ ሆስፒታል የማስተማሪያና የሪፈራል ሆስፒታል ሆኖ ሐኪሞችንና ነርሶችን በደጋው መካከል ያሠለጥናል። እዚያ የሚማር ተማሪ በበሽተኛ አልጋ አጠገብ ከሚያያቸው በሽታዎች አንዱ ይህ የምግብ ቧንቧ ካንሰር መሆኑ አይቀርም። ስለዚህ የማስታገሻ እንክብካቤ ከአዲስ አበባ የሚጠበቅ እንግዳ ሙያ ሳይሆን የአካባቢው ሕክምና መደበኛ ትምህርት ሊሆን ይገባዋል።

«ወስዳችሁ አስታምሙ» የሚለው ቃል ምናልባት አይቀርም፤ ለብዙ ሕሙማንም ትክክለኛ ምክር ነው፤ ሰው በቤቱ፣ በወገኑ መካከል ማረፍን ይመርጣልና። ቃሉ ከስንብት ወደ ሐኪም ትእዛዝ የሚለወጠው ግን አስታማሚው ባዶ እጁን ሳይመለስ ሲቀር ነው። ፈሳሽ ሞርፊኑንና በየስንት ሰዓቱ እንደሚሰጥ፣ ከእርሱም ጋር ድርቀትን የሚከላከለውን መድኃኒት፤ ምን ዓይነት ምግብ እንዴት ቀጥኖ እንደሚሰጥ፤ ሌሊት ሕመሙ ቢብስ የሚደወልለትን ነርስ ስም፤ ለቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የተጻፈውን ወረቀት ይዞ መሄድ አለበት። ሕመምተኛው ካረፈ በኋላም ያንን ቤት አንድ ጊዜ መጎብኘት የእንክብካቤው የመጨረሻ ክፍል ሆኖ ሊቆጠር ይገባል።