በባዕድ አገር ልጅን ስለ ማሳደግ
የባዝ ከተማ የስደት ቤት ታሪክ

ቅድስት ቤተ ክርስቲያን ከመስከረም 26 ቀን ጀምሮ እስከ ኅዳር 5 ቀን ድረስ በማኅሌተ ጽጌ የምታስበው፥ እናት ሕፃን ልጅዋን ታቅፋ ወደ ባዕድ አገር የሄደችበትን መንገድ ነው። በአዴት ማኅሌት ቆሞ ያደረ ካህንም ሆነ በዐውደ ምሕረት የሰገደ ምእመን የስደትን ነገር የሚማረው ከዚህ ነው። ነገር ግን የስደተኛ ድካም በመንገድ ብቻ አያልቅም፤ ከደረሰም በኋላ ቤቱ በምን ይሞቃል፥ ልጁ በምን ቋንቋ ይናገራል፥ ጾሙና ጸሎቱስ እንደ ምን ይጠበቃል የሚለው ጥያቄ በየማለዳው ይነሣበታል። በአገራችን ታሪክ ይህ ጥያቄ ጐልቶ የታየው ከ1928 እስከ 1933 ዓመተ ምሕረት ድረስ ጠላት አገራችንን በያዘበት በአምስቱ ዓመት ነው።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓመተ ምሕረት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከነቤተ ሰባቸው በባቡር ከአዲስ አበባ ተነሥተው ወደ ጅቡቲ ወረዱ፤ ከዚያም በእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ሐይፋ ተሻግረው ኢየሩሳሌም ገቡ። ንጉሠ ነገሥቱ ወደ እንግሊዝ አገር ተሻግረው ሰኔ 23 ቀን በጄኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት አቤቱታቸውን ካሰሙ በኋላ፥ በምዕራብ እንግሊዝ ባለችው በባዝ ከተማ ፌርፊልድ የሚባለውን ቤት ገዝተው ተቀመጡ። በዚያም ቤት እቴጌ መነን፥ ልዕልት ተናኘ ወርቅ ከነልጆቻቸው፥ ልዕልት ፀሐይ፥ በአገራቸው መጥፋት ጊዜ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ የነበሩት ልዑል መኰንንና ገና ሕፃን የነበሩት ልዑል ሣህለ ሥላሴ በየጊዜው ኖረዋል።

የንጉሥ ቤት ነው ብሎ ችግር አልነበረበትም የሚል ሰው ይሳሳታል። ከአገር ይዘውት የሄዱት የብር ዕቃ በለንደን በሐራጅ ተሸጠ። አንድ የእንግሊዝ የቴሌግራፍ ኩባንያ ለኢትዮጵያ መንግሥት ሊከፍል የሚገባውን ከ10,000 ፓውንድ የሚበልጥ ገንዘብ ንጉሠ ነገሥቱ በፍርድ ቤት ጠይቀው መጀመሪያ ተፈረደላቸው፤ ኋላ ግን የእንግሊዝ መንግሥት የጠላትን ገዥነት ስላወቀ፥ በ1931 ዓመተ ምሕረት ፍርዱ ተገለበጠ። እንዲህ ነው፤ አገር የሌለው ሰው ንጉሥም ቢሆን ገንዘቡን ተከራክሮ ማግኘት ይሳነዋል። ብርዱና እርጥበቱም ለእቴጌ ጤና ስላልተስማማ ወደ ኢየሩሳሌም እየተመለሱ መቀመጥ ግድ ሆነባቸው፤ በዚህም ምክንያት ቤተ ሰቡ በሁለት አገር ተከፈለ።

ከችግሩ ሁሉ የከፋው ኀዘን ነበር። የካቲት 17 ቀን 1929 ዓመተ ምሕረት የልዕልት ተናኘ ወርቅ ባል ራስ ደስታ ዳምጠው በጠላት እጅ ተገደሉ። ባልዋ የሞተባት እናት በአገርዋ ብትሆን ዘመድ መጥቶ ከብቦ ያለቅስላታል፥ ተዝካሩም በደብሯ ይወጣል፤ በባዕድ አገር ግን ልጆችዋን አቅፋ ብቻዋን ታለቅሳለች። መስከረም 9 ቀን 1931 ዓመተ ምሕረት ደግሞ ከሊቃውንት ወገን የነበሩት ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በዚያው በባዝ ዐረፉ። ዐፅማቸው ወደ አገሩ የተመለሰው ከነጻነት በኋላ ነው።

በዚህ ሁሉ መካከል ልጆች ያድጉ ነበር፤ ልጅ የአባቱ አገር ነጻ እስኪወጣ ድረስ ማደጉን አያቆምምና። የራስ ደስታ ልጅ ልዕልት አይዳ ክላረንደን በሚባል የእንግሊዝ ትምህርት ቤት ተማሩ፥ ኋላም በኬምብሪጅ ኒውናም ኮሌጅ ገቡ። ልዕልት ፀሐይ በለንደን በሚገኘው በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብተው የአስታማሚነትን ሥራ ተማሩ፥ በ1931 ዓመተ ምሕረትም ጨርሰው የምስክር ወረቀት ተቀበሉ። የንጉሥ ልጅ የባዕድን ሕፃን አጥባና አስታማ ጥበብን ቀሰመች፤ ጥበቡንም ለአገርዋ ይዛ ተመለሰች፥ ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓመተ ምሕረትም በነቀምት ከወሊድ ጋር በተያያዘ ሕመም ዐረፈች።

የውጭውን ትምህርት ሲቀበሉ የቤቱን ሥርዐት አልለቀቁም። በግቢው ውስጥ አትክልት ይበቅልበት የነበረው የመስተዋት ቤት የጸሎት ቤት ሆነ፤ ከአገር የተከተሉት ካህናት ጸሎት ያደርሱበት ነበር። ንጉሠ ነገሥቱም በ1929 ዓመተ ምሕረት የሕይወታቸውን ታሪክ በአማርኛ ያስጽፉ ነበር። ይህ ነገር ትንሽ መስሎ ቢታይም ትልቅ ነው። ልጅ በውጭ የሚሰማው እንግሊዝኛ ነው፤ በቤት አማርኛ የሚነገርበትና የሚጻፍበት ሥራ ካለ ግን ቋንቋው የአባቶች ትዝታ ብቻ ሆኖ አይቀርም፥ እንጀራ እንደሚጋገርበት ምጣድ የየዕለት መሣሪያ ይሆናል።

ይሁን እንጂ ስደት ለሁሉ አንድ አልነበረም። የንጉሠ ነገሥቱ ልጅ ልዕልት ሮማነ ወርቅ ከሕፃናት ልጆቿ ጋር በጠላት ተማርካ ወደ ኢጣልያ ተወሰደች፥ በጥቅምት 1933 ዓመተ ምሕረትም በቱሪን ከተማ ሞተች። በሺሕ የሚቈጠሩ ወገኖች ደግሞ ወደ ኬንያ ተሰድደው ከሴቶችና ከሕፃናት ጋር በኢሲዮሎ፥ ኋላም በታቬታ ሰፈር ተቀመጡ፤ ስማቸው በመጽሐፍ ያልተጻፈ እናቶች ልጆቻቸውን በዚያ አሳደጉ። ስለዚህ የባዝን ቤት ስናስብ እነዚህንም ልንረሳ አይገባም።

ኢጣልያ በሰኔ 1932 ዓመተ ምሕረት ወደ ታላቁ ጦርነት በገባች ጊዜ የመመለሻው በር ተከፈተ። ንጉሠ ነገሥቱ ልዑል መኰንንን አስከትለው በካርቱም በኩል መጡ፤ ጥር 12 ቀን 1933 ዓመተ ምሕረትም በኦሜድላ የኢትዮጵያን መሬት ረገጡ። መንገዳቸውም በበላያ፥ በእንጅባራ፥ በቡሬና በደምበጫ በኩል ነበር፤ መጋቢት 28 ቀን ደብረ ማርቆስ ገቡ። አዴት ከዚህ መንገድ ወጣ ያለች ብትሆንም መንገዱ የተጠረገው በጎጃም አርበኛ ደም ነው። ልጅ ሆነው የወጡት ልዑል መኰንን በአሥራ ስድስት ዓመታቸው የገቡት በዚህ አውራጃ በር ነው፤ የሄደው ልጅ ጐልማሳ ሆኖ ተመለሰ። የባዙን ቤት ግን ንጉሠ ነገሥቱ ኋላ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1958፥ ለአረጋውያን መጦሪያ ይሆን ዘንድ ለከተማዪቱ ሰጡ። በስደት የተቀበላቸውን ሕዝብ ውለታ በዚህ መለሱ።

ዛሬም ከዚሁ ከምዕራብ ጎጃም ልጆቻቸውን ይዘው በባሕር ማዶ የሚኖሩ ብዙዎች ናቸው። አያት በስልክ ድምፃቸውን ስትሰማ አስቀድማ የምትጠይቀው ስለ ገንዘብ አይደለም፤ «ልጁ ያወራኛል ወይ?» ትላለች። ለዚህ ጥያቄ መልሱ ከባዝ ታሪክ ይገኛል። የባዕድን ትምህርት መቀበል ነውር አይደለም፥ ጥበብ ነውና፤ ግን በቤት ውስጥ አንዲት ማዕዘን፥ የመስተዋት ቤትም ብትሆን፥ ለአባቶች ጸሎትና ለእናት ቋንቋ ተለይታ ትቀመጥ። ያች ማዕዘን ካለች ልጁ ወደ አያቱ የሚመለስበት መንገድ አይጠፋም።

ሕፃኑን ከእናቱ ጋር ከግብፅ የመለሰ አምላክ የተሰደዱትን ሁሉ ይጠብቅ፥ በሰላምም ለአገራቸው ያብቃ፤ አሜን።