የዛፎችን ሞት በየዓመቱ መመዝገብ፦ የኦሪጎንና የዋሽንግተን ደኖች የቅኝት ታሪክ

በደን ውስጥ ዛፍ መሞቱ ያልተለመደ ነገር አይደለም። ዕድሜ፣ ድርቅና ነፋስ በየጊዜው የየድርሻቸውን ይወስዳሉ። አስቸጋሪው ጥያቄ የዘንድሮው ሞት ከወትሮው የበለጠ መሆን አለመሆኑን መለየት ነው። ለዚህ መልስ የሚሰጠው ሳይቋረጥ የተያዘ መዝገብ ብቻ ነው።

በዩናይትድ ስቴትስ መርፌ መሰል ቅጠል ያላቸውን ዛፎች የሚያጠቁ ተባዮችን ምርመራ መሠረት ከጣሉት ሊቃውንት ቀዳሚው አንድሩ ዴልማር ሆፕኪንስ ነው። ሆፕኪንስ በ1899 (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) የምዕራቡን ደኖች ተዘዋውሮ መረመረ። በ1902 ደግሞ በደቡብ ዳኮታ፣ ብላክ ሂልስ በተባለው ተራራማ ሥፍራ የፓይን ዛፎችን በገፍ የፈጀችውን ጢንዚዛ ለሳይንስ አስታወቀ። ይህች ነፍሳት በመጠን ከሩዝ ፍሬ እምብዛም አትበልጥም። ቅርፊቱን ቦርቡራ ገብታ እንቁላሏን ትጥላለች፤ እጮቹ ከቅርፊቱ ሥር ያለውን ልስልስ ክፍል ይበላሉ፤ አብሯት የሚገባው ፈንገስም በግንዱ ውስጥ የሚያልፈውን ውሃ ያግዳል።

በሐምሌ ወይም በነሐሴ የተጠቃ ዛፍ ግን ወዲያው መልኩን አይለውጥም። እስከ ተከታዩ ዓመት አረንጓዴ መስሎ ይቆይና ከዚያ ይቀላል። ቅላቱ ጎልቶ በሚታይበት ወራት አዲሱ የጢንዚዛ ትውልድ ወደ ሌላ ዛፍ ይሻገራል። በመሆኑም የዘንድሮ ቆጠራ በአመዛኙ የሚያሳየው የአምናን ጥቃት ነው።

በ1947 የደን ተባይ መከላከያ ሕግ በወጣበት ዓመት በኦሪጎንና በዋሽንግተን የአየር ላይ ቅኝት ተጀመረ። ተመልካቾች በአነስተኛ አውሮፕላን ከደኑ በላይ እየበረሩ፣ የቀላውን ወይም የተራቆተውን ሥፍራ በካርታ ላይ በእርሳስ ይከልሉ ነበር። ከጊዜ በኋላ ወረቀቱ በኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ቢተካም የሰው ዓይን ሥራውን አልተወም።

ዘዴው ጉድለት አለው። ከሥር የሚያበሰብሱ በሽታዎች ከአየር ላይ በግልጽ አይለዩም፤ የዛፎቹም ቁጥር ግምት ነው። ስለዚህ ባለሙያዎች በእግር ወርደው፣ ቅርፊት ልጠው፣ ሥር ቆፍረው ያረጋግጣሉ።

ከ1947 ጀምሮ በየዓመቱ ይካሄድ የነበረው ቅኝት በ2020 በኮቪድ ወረርሽኝ ምክንያት በተለመደው መልክ ሳይካሄድ ቀረ። በተከታዩ ዓመት ቀልቶ ወይም ተራቁቶ የተገኘ ዛፍ መቼ እንደተጠቃ መለየት አዳጋች ሆነ። የአንድ ዓመት ክፍተት የሚያደበዝዘው የራሱን ዓመት ብቻ ሳይሆን የጎረቤቶቹንም ጭምር ነው።

ጉዳዩ ለምሥራቅ አፍሪካም ሩቅ አይደለም። የጽድ ክሽክሽ በ1986 በማላዊ ታይቶ በ1990 ኬንያ ደርሷል። የሚያጠቃውም በኢትዮጵያ በሰፊው የተተከለውን የፈረንጅ ጽድ ነው። በግቢያቸው ጽድ ያላቸው ትምህርት ቤቶች በየዓመቱ በተወሰነ ወር፣ በተወሰነ መስመር፣ የደረቁትንና ያልደረቁትን ዛፎች ቢያስቆጥሩ ተማሪው ሒሳብንና ሥነ ሕይወትን በአንድነት ይማራል። ፍሬው ግን የሚታየው በመጀመሪያው ዓመት አይደለም፤ መዝገቡ ከመምህር ወደ መምህር ሲተላለፍ ነው። ዕቅድ አውጪዎች ሊያስቡበት የሚገባውም ይኸው ርክክብ ነው።