የባሌ ደጋ ገበሬ ሴትና ቤተ ሰቧ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ

በ19ኛው ክፍለ ዘመን በአሜሪካ መካከለኛ ምዕራብ ሜዳዎች ላይ የሰፈረች የገበሬ ቤት እመቤትን ታሪክ ለመጻፍ የሚነሣ ሰው የጽሑፍ ማስረጃ አያጣም። የዕለት ማስታወሻዋ፣ ለዘመድ የላከችው ደብዳቤ፣ ከዚያም አልፎ የመሬት መዝገብ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ1862 የወጣው የሰፋሪዎች የመሬት ሕግ ባል የሌላት ሴት በገዛ ስሟ 160 ኤከር እንድትጠይቅ ይፈቅድ ስለ ነበር፣ ስማቸው በመንግሥት መዝገብ የገባ ሴቶች ብዙዎች ናቸው። በዚያው ዘመን ዛሬ የሮቤና የጎባ ከተሞች ባሉበት ደጋ ገብስ ታርም፣ ላም ታልብ የነበረችው የአርሲ ኦሮሞ እናት ግን በእጇ የጻፈችው አንድ መስመር የለም። ስለዚህ ኑሮዋ የሚታወቀው ከሥራዋና ከዕቃዋ ነው፤ ይልቁንም ከሲንቄዋና ከወፍጮዋ።

አገሩ ለከብትም ለእህልም የተመቸ ነው። ጎባ በተራሮቹ ግርጌ፣ ሮቤ ደግሞ ከርሷ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በሜዳው ላይ ትገኛለች፤ በስተደቡብ የሰነቴ አምባና 4,377 ሜትር ከፍታ ያለው ቱሉ ዲምቱ ይታያሉ። ዝናሙ በዓመት ሁለት ጊዜ ስለሚመጣ «ጋና» እና «ቦና» የሚባሉ ሁለት የእርሻ ወቅቶች አሉ። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን የቤተ ሰብ ሀብት የሚለካው በከብት ነበረ። «ጎዳንቱ» በሚባለው ወቅታዊ ጉዞ ከብቱ ወደ ሌላ ግጦሽና ወደ ሆራ ሲነዳ ቤቱና ማሳው በሴቲቱ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

ወተቱና ቅቤው በእርሷ እጅ ነበረ። የወተት ዕቃውን የምትሰፋውም በጭስ የምታጥነውም እርሷ ናት፤ ለእንግዳ ምን ያህል እንደሚቀርብ፣ ምን ያህልስ ለቅቤ እንደሚቀመጥ የምትወስነውም እርሷው ናት። ገብሱን ቆልታና ፈጭታ በቅቤ ያሸችው ጭኮ ደግሞ የመንገደኛ ስንቅ ሆኖ ይሰነብታል።

ሴት ልጅ ስታገባ እናቷ ሲንቄ ትሰጣታለች። ሲንቄ ቀጥ ያለ ቀጭን በትር ሲሆን ለመማቻ አይደለም፤ የባለ ትዳር ሴት ክብርና መብት ምልክት ነው። ባል ከመጠን አልፎ ሚስቱን ቢበድል የጎረቤት ሴቶች ጩኸቷን ሰምተው ሲንቄያቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ሥራቸውን ትተው፣ ከቤት ርቀው ይሰበሰባሉ። ሽማግሌዎች መጥተው በደሉ እስኪካስ ድረስ አይመለሱም። በሚዋጉ ወገኖች መካከል ሲንቄ ይዘው ሲቆሙም ጠቡ ይበርዳል። ይህን ልማድ የወንድ ሥልጣንን የሻረ አድርጎ ማቅረብ ስሕተት ነው፤ በገዳ ሸንጎ የሚቀመጡት ወንዶች ነበሩና። ለሥልጣኑ ወሰን ያበጀ ነበር ማለት ግን ይቻላል።

ይህ ኑሮ በ1880ዎቹ ዓመተ ምሕረት በሁለት ነገሮች ተናጋ። አንደኛው ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. «ክፉ ቀን» በተባለው ዘመን በመላ አገሪቱ የደረሰው የከብት እልቂት ነው። ላሟ ያለቀችባት ሴት ያጣችው ምግብ ብቻ አልነበረም፤ በእጇ የነበረውን የሀብት ድርሻም ጭምር ነው። ሁለተኛው የምኒልክ ጦር መምጣት ነው። ራስ ዳርጌ ሣህለ ሥላሴ ከበርካታ ዓመታት ብርቱ ውጊያ በኋላ በ1879 ዓ.ም. አርሲን አስገበሩ፤ ቀጥሎም ባሌ ተያዘ፤ ጎባም የጦር ሰፈርና የአስተዳደር ማዕከል ሆነች። ገበሬውም ለሰፈረው ወታደር ገባር ተብሎ ተደለደለ።

በትምህርት መጻሕፍት የገባር ግዴታ ሲቆጠር እህሉ፣ ማሩና የአጥር ሥራው ይጠቀሳል፤ ገባሩም ሁልጊዜ «እርሱ» ነው። እህሉ ግን በዱቄት ይፈለግ ነበር። ዱቄት የሚሆነውም ሴቲቱ በወፍጮው ፊት ተንበርክካ መጁን በሁለት እጇ እየገፋችና እየሳበች ነው። የቤቷን ከፈጨች በኋላ የጌታውን ትፈጫለች፤ ውኃና ማገዶም ይጠብቃታል። የጎረቤት ሴቶች ባልን ለመገሠጽ ሲንቄ ይዘው መውጣት ይችሉ ነበር፤ የሲንቄን ሕግ በማያውቅ የጦር ሰፈር ፊት ግን በትሩ እንጨት ብቻ ሆነ።

የጉልበቱ ግዴታ በሕግ የቀረው ከጣሊያን ወረራ በኋላ በ1934 እና በ1937 ዓ.ም. በወጡት የመሬት ግብር ሕጎች ነው። የመሬትና የግብር ቅሬታው ግን አልበረደም፤ ከ1955 እስከ 1962 ዓ.ም. ለቆየው የባሌ ዐመፅ ዋነኛ ምክንያቶች ከሆኑት አንዱ ይኸው ነበረ። በ1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 31 የፆታ ልዩነት ሳይደረግ ለማረስ ፈቃደኛ ለሆነ ሰው ሁሉ መሬት እንዲሰጥ፣ የአንድ ቤተ ሰብ ይዞታም ከ10 ሄክታር እንዳይበልጥ ደነገገ። ይህም የአሜሪካው ሕግ ከወጣ ከ113 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ነገር ግን የገበሬ ማኅበራት የሚመዘግቡት በአብዛኛው የቤተ ሰቡን ኃላፊ ስለ ነበረ ባል ያላት ሴት ስም ከመዝገቡ ቀረ። ባልና ሚስት በጋራ ለያዙት መሬት የምስክር ወረቀቱ በሁለቱም ስም እንዲሰጥ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የኦሮሚያ የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 130 ደነገገ።