ሜላቶኒን

አንጎል ውስጥ ያለች ትንሽ እጢ ሲጨልም የምታመነጨው ሆርሞን ነው። በ1958 እ.ኤ.አ. ከላሞች እጢ ለይቶ ያወጣው አሜሪካዊው የቆዳ ሐኪም አሮን ለርነር ነው። «ሜላ» በግሪክኛ ጥቁር ማለት ነው፤ ሆርሞኑ የእንቁራሪትን ቆዳ ጥቁረት ያደበዝዛልና።

«የእንቅልፍ ሆርሞን» መባሉ ሥራውን ያሳንሰዋል። የማህፀን ጡንቻም ይሰማዋል፤ በእርግዝና መጨረሻ ማህፀንን ከሚያኮማትረው ሆርሞን ከኦክሲቶሲን ጋር ተባብሮ ጡንቻው ጠንክሮ እንዲኮማተር ያግዛል። ምጥ ብዙ ጊዜ ሌሊት የሚጀምረው በዚህም ሳይሆን አይቀርም። በፍሎሪዳ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች መውለጃቸው የተቃረበ ጥቂት ነፍሰ ጡሮችን ሌሊት ደማቅ ብርሃን ሲያሳዩአቸው ሜላቶኒኑ ቀነሰ፤ መኮማተሩም ረገበ። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ቢሆንም ሌሊቱን ሙሉ ቦግ ብሎ የሚያድረው የማዋለጃ ክፍል መብራት ሊጠና ይገባዋል እላለሁ። የሜላቶኒን ክኒን ግን ነፍሰ ጡር ያለ ሐኪም ፈቃድ አትውሰድ።