ንጉሥ ያጎነበሰበት መስኮት፦ ስለ ፈረንሳይና ስለ ሲያም የክብር ሥርዓት

ስለ ልዩ ልዩ አገሮች የንግድ ባህል የሚያስተምሩ መመሪያዎች እንደ አሸን ፈልተዋል። ከፈረንሳዊ ጋር ስትደራደሩ ክርክር አትፍሩ፤ ከታይላንዳዊ ጋር ስትደራደሩ ድምፃችሁን ከፍ አታድርጉ ይሉናል። ፈረንሳዊው እጅ ይጨብጣል፤ ታይላንዳዊው መዳፎቹን አጋጥሞ አንገቱን ሰበር ያደርጋል ይሉናል። ፈረንሳዊው በወረቀት፣ ታይላንዳዊው በሰው ያምናል ብለውም ይደመድማሉ። ምክሩ በአመዛኙ ስሕተት የለበትም። እኔን እንደ ታሪክ መምህር ዕረፍት የምትነሣኝ የመጨረሻዪቱ ዓረፍተ ነገር ናት። የሁለቱን መንግሥታት የመጀመሪያ ታላቅ ግንኙነት የመረመረ ሰው የሚያገኘው ተቃራኒውን ነውና።

ውድ አንባብያን፣ ወደ ነገሩ እንግባ። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በኦክቶበር 1685 የፈረንሳዩ ንጉሥ የሉዊ 14ኛ አምባሳደር ሼቫሊዬ ደ ሾሞን በሲያም መዲና በአዩታያ ከንጉሥ ናራይ ፊት ቀረቡ። ሲያም ታይላንድ ተብላ የተሰየመችው በ1939 ነው። በአገሩ ወግ መሠረት ወደ ንጉሡ የሚገባ ሁሉ ጫማውን አውልቆ፣ በጉልበቱና በክንዱ ተደግፎ፣ ግንባሩን ወደ መሬት ደፍቶ እጅ ይነሣል። ሾሞን ግን አስቀድመው ተከራክረው ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ ሰይፋቸውን ሳይፈቱ፣ ሳይንበረከኩ ለመግባት አስፈቀዱ።

ንጉሡ የሚታዩት ከአዳራሹ ወለል ከፍ ብሎ ከተሠራ መስኮት ነበር። የሉዊ ደብዳቤ በወርቅ ጽዋ ላይ ተቀምጧል። ጽዋው ረጅም እጀታ የተበጀለት አምባሳደሩ እጀታውን ይዘው እስከ መስኮቱ እንዲያደርሱት ነው። ሾሞን ይህ ለጌታቸው ክብር አይመጥንም ብለው ጽዋውን ራሱን ያዙ፤ ክንዳቸውንም ወደ ላይ አልዘረጉም። የናራይ ባለሟል የነበሩት ግሪካዊው ኮንስታንቲን ፎልከን ወለሉ ላይ እንደ ተደፉ ከፍ እንዲያደርጉት ቢወተውቱም፣ አምባሳደሩ እንዳልሰሙ ሆኑ። በመጨረሻ ናራይ እየሳቁ ከመስኮቱ ጎንበስ ብለው ደብዳቤውን በገዛ እጃቸው አነሡ፤ ወደ ራሳቸውም ከፍ አድርገው አከበሩት።

ይህ ትዕይንት በፈረንሳይ በሥዕል ታትሞ ወጥቷል። ሥዕሉን ያየ ሁሉ አንድ ድል ያነብበታል፤ የእስያው ንጉሥ ለአውሮፓዊው አጎነበሰ! እኔ ግን እንዲህ አላነብበውም። በፈረንሳይ ልማድ አምባሳደር የንጉሡ አካል ምትክ ነው፤ እርሱ ከተዋረደ ንጉሡ ተዋረደ። በሲያም ግን መልእክተኛ ደብዳቤ ተሸካሚ እንጂ ሌላ አይደለም፤ የንጉሡ ግርማ ያደረው በደብዳቤው ላይ ነው። በ1687 ለተመሳሳይ ተልእኮ ወደ ሲያም የሄዱት ሲሞን ደ ላ ሉቤር በ1691 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ ልዩነት በግልጽ አስፍረውታል። እንግዲህ ናራይ ያጎነበሱት ለሾሞን ሳይሆን ለሉዊ ቃል ነበር ማለት ነው። ፈረንሳዊው በሰው፣ ሲያማዊው በወረቀት ያመነበት ቀን ነበር።

የተገላቢጦሹ ትዕይንት በቀጣዩ ዓመት በቬርሳይ ታየ። በኮሳ ፓን የሚመራው የሲያም መልእክት ሴፕቴምበር 1 ቀን 1686 በመስታወቱ አዳራሽ ከሉዊ 14ኛ ፊት ቀረበ። መልእክተኞቹ በመንገዳቸው ሁሉ የጌታቸውን ደብዳቤ ከፍ ባለ ስፍራ እያኖሩ እጅ ይነሡለት ነበር። የፈረንሳይ መኳንንት ይህን በመደነቅ ተመለከቱ። ከዙፋኑ ሲመለሱም ጀርባቸውን ላለመስጠት የኋሊት ተራመዱ። በአገራቸው የንጉሥን ፊት ቀና ብሎ ማየት ነውር ነበር፤ ሉዊ ግን እንዲያዩዋቸው ፈቀዱ። ሉዊም እንደ ናራይ ጥቂት ጎንበስ አሉ ማለት ይቻላል።

ከዚህ ሁሉ ጨዋነት በስተጀርባ የቆመው ጥቅም ነበር። ናራይ የሚፈልጉት ሆላንዶችን የሚመዝን ኃይል ነው፤ የሆላንድ ኩባንያ በ1664 በባሕር ኃይሉ አስገድዶ ውል አስፈርሟቸው ነበርና። ሉዊ በበኩላቸው ናራይን ክርስቲያን ማድረግንና ንግድን በአንድነት ይሹ ነበር። ቬርሳይ በዚያ ዘመን ሩቅ መመልከት ልማዱ ነበር፤ ወደ እኛም ጎንደር ዐይኑን ጥሏል። ፈረንሳዊው ሐኪም ሻርል ፖንሴ በ1699 ከዐፄ ኢያሱ ቀዳማዊ ቤተ መንግሥት ደርሷል። ከእርሱ በኋላ የተላከው አምባሳደር ዱ ሩል ግን በ1705 በስናር ተገድሎ ቀርቷል። በሲያም በ1685 የተፈረመው ውል ለፈረንሳይ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያ የፉኬትን የቆርቆሮ ማዕድን ንግድ ፈቀደ፤ የሶንግክላን ስፍራም ሰጠ።

ነገሩ የተበላሸው በ1687 ነው። ላ ሉቤርና የኩባንያው ዳይሬክተር ሴቤሬ በአምስት የጦር መርከቦች ከ600 በላይ ወታደሮችን አስከትለው ከብሬስት ተነሡ። በጄኔራል ዴፋርዥ የሚመራው ጦር የባንኮክንና የሜርጊን ምሽጎች ያዘ። ጫማ አላወልቅም ያለውን እንግዳ በሣቅ ያለፈው ቤተ መንግሥት ይህን በሣቅ ሊያልፍ አልቻለም። በ1688 ናራይ በጠና ሲታመሙ ፔትራቻ የተባሉት መኰንን ሥልጣኑን ያዙ፤ ፎልከን በጁን ወር ተገደሉ፤ ናራይ በጁላይ ዐረፉ። የፈረንሳይ ጦር በባንኮክ ተከብቦ ከቆየ በኋላ በኖቬምበር አገሩን ለቅቆ ወጣ። የመውጫውን ድርድር በሲያም ወገን ከመሩት ዋነኛው በቬርሳይ የኋሊት የተራመዱት ኮሳ ፓን ነበሩ። ለሉዊ እጅ የነሡ ሰው የሉዊን ጦር ሸኙ። እጅ መንሳታቸውም ሆነ መሸኘታቸው ለአንድ ጌታ፣ ለሲያም ጥቅም ነበር።

ሁለቱ መንግሥታት እንደ ገና የወዳጅነትና የንግድ ውል የተፈራረሙት በ1856 ነው። ይህ ውል እንግሊዝ ከአንድ ዓመት በፊት ያስፈረመችውን የቦውሪንግ ውል የተከተለ ሲሆን፣ ፈረንሳውያን በሲያም ፍርድ ቤት እንዳይዳኙ የሚያደርግ ነበር። ንጉሥ ቹላሎንግኮርን በ1873 በግንባር መደፋትን በአዋጅ አስቀሩ። አዋጁ የውጭ ዓለም ሲያምን የሚመዝንበትን ሚዛን ያወቀ ንጉሥ ሥራ ነበር። ነገር ግን አላዳናቸውም። በጁላይ 1893 የፈረንሳይ የጦር ጀልባዎች የፓክናምን ምሽግ ተኩስ ጥሰው ባንኮክ ደረሱ። ሲያምም ከሜኮንግ ወንዝ በስተግራ ያለውን ምድር ለቅቃ 3 ሚሊዮን ፍራንክ ካሳ ከፈለች።

ቹላሎንግኮርን ከዚህ በኋላ ያደረጉት እጅግ ያስደንቀኛል። በ1897 ወደ አውሮፓ ተጉዘው በፓሪስ ከፕሬዚዳንት ፌሊክስ ፎር ጋር እንደ እኩያ ተገናኙ። የበደላቸውን አገር ደጅ ሊጠኑ አልሄዱም፤ በራሱ ሥርዓት፣ በራሱ ልብስ፣ በራሱ ማዕድ ላይ እኩልነታቸውን ሊያሳዩ ሄዱ እንጂ። ጉብኝቱ የወሰን መሬት አልመለሰም፤ እንዲያውም በ1907 ባታምባንግንና ሲየም ሪያብን አስረከቡ። ይሁንና በዚያው ውል ፈረንሳይ ትራትን መልሳለች፤ በእስያውያን ጥገኞቿ ላይ የነበራትንም የዳኝነት መብት ለሲያም ፍርድ ቤቶች ለቅቃለች። ጨዋነት ብቻውን መድፍ አያቆምም፤ ግን ከመድፍ በኋላ ለሚመጣው ድርድር ወንበር ያስጠብቃል።

ወደ ዛሬው የንግድ ጠረጴዛ ስንመለስ ያው ጥያቄ ሌላ ልብስ ለብሶ እናገኘዋለን። በፓሪስ እንግዳውን «ሙሴ» ወይም «ማዳም» ብለው በቤተሰብ ስሙ ይጠሩታል። «አንተ» ለማለት መቀራረብ ያስፈልጋል። በባንኮክ «ኩን» ብለው በራሱ ስም ይጠሩታል፤ የቤተሰብ ስም በሕግ የታዘዘው በ1913 ነውና። አቶንና ወይዘሮን ከራስ ስም ጋር የምናስከትል እኛ ይህን ለመረዳት አሠልጣኝ አያሻንም። ፈረንሳዊው ሐሳብን ፊት ለፊት ሲነቅፍ ነገሩን በቁም ነገር መያዙን እያሳየ ነው፤ «አይሆንም» ማለቱ የውይይት በር መክፈቻ ሊሆን ይችላል። ታይላንዳዊው ወንድ «ክራፕ»፣ ሴቷ «ካ» ሲሉ ደግሞ ብዙ ጊዜ «እየሰማሁ ነው» ማለታቸው ነው፤ የእኛን «አቤት» እንደ ስምምነት የቆጠረ የውጭ ሰው የሚሳሳተውን ያህል ይህንንም እንደ ስምምነት የቆጠረ ይሳሳታል።

ታይላንዳውያን «ክሬንግ ጃይ» የሚሉት ስሜትም አለ። የእኛ ይሉኝታ ይቀርበዋል፤ ግን አንድ አይደሉም። ይሉኝታ ሰዎች ስለ እኔ ምን ይላሉ ብሎ መሥጋት ነው። ክሬንግ ጃይ ሌላውን ላስቸግረው፣ ላሳፍረው ብሎ መሳቀቅ ነው። የበታች ሠራተኛ አለቃውን በስብሰባ ላይ የማያርመው ስሕተቱን ስላላየ አይደለም። ፈረንሳዊው አለቃ ዝምታውን እንደ ድክመት፣ ታይላንዳዊው ሠራተኛ ክርክሩን እንደ ስድብ ሊያነብበው ይችላል፤ ሁለቱም እንደ ሾሞንና እንደ ፎልከን በአንድ ጽዋ ላይ ይጨቃጨቃሉ።

በእኛ ዘንድ ስለ ዲፕሎማሲም ሆነ ስለ ንግድ ስናወራ ሁለት ወገኖች ይደመጣሉ። አንደኛው ሥርዓትን እንደ ከንቱ ጌጥ ይንቃል። ሁለተኛው ትክክለኛውን ሰላምታ ካወቅን ጥቅማችን ይከበራል ብሎ ያምናል። የሲያም ታሪክ ሁለቱንም ይወቅሳል። ናራይ ያጎነበሱት ለማን እንደሚያጎነብሱ ያውቁ ነበርና አልተዋረዱም። ሾሞን ያላጎነበሱት ክብራቸውን ሊያስጠብቁ ነበር፤ የጌታቸው ደብዳቤ የተከበረው ግን በሲያም ሥርዓት ነው። ከባዕድ ጋር ለድርድር የሚቀመጥ ሰው እንዴት ሰላም እንደሚል ከመማሩ በፊት ሌላው ወገን ክብሩን ያኖረው በሰውዬው ላይ ይሁን በደብዳቤው ላይ አጥብቆ ይጠይቅ።